ኮምቦልቻ ሥራ አገኘሁ፤ ግን ዋናውን ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪዬን) አስቀምጪ አሉኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

የሰኞ ገበያ ልጅ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ነገሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አካውንቲንግ ነው የተማርኩት፣ እዚሁ ደሴ። ሐምሌ ላይ ተመረቅሁ። ኤግዚት ፈተናውን በአንዴ አለፍኩ፣ ነጥቤ 2.91 ነው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሆነኝ። ጠዋት ፒያሳ ወጥቼ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን አነባለሁ፣ ማታ ቴሌግራም ላይ ቫካንሲ ስፈልግ አመሻለሁ። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ከወጣ ምዝገባው ላይ ያለው ሰልፍ ግማሹ የኛ ባች ነው፤ ተቃቅፈን ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ ለአንድ ቦታ ሰማንያ ሆነን እንፈተናለን። ሁለት ባንክ ተፈትኛለሁ። አንዱ አዲስ አበባ ድረስ ጠርቶኝ፣ እማዬ ዕቁቧን ቀድማ እንድትወስድ ዳኛውን ለምና ነው የላከችኝ። እስከ ዛሬ መልስ የለም። እማዬ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ነው የምትሸጠው። ደንበኞቿ «ልጅሽ ሥራ ያዘች?» ሲሏት አጠገቧ ካለሁ ዝም ብዬ ሚዛኑን አስተካክላለሁ። ቀና ማለት ያቅተኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ኮምቦልቻ ካለ አንድ ፋብሪካ ተደወለልኝ። ረዳት ስቶር ኪፐር። ደመወዙ 5,500 ብር፣ የሙከራ ጊዜ 60 ቀን። ሄድኩ፣ ፈተኑኝ፣ አለፍሽ አሉኝ። ደስታዬ ግን አንድ ሰዓት አልቆየም። ሁለት ነገር አምጪ አሉኝ። አንዱ ዋስ ነው። ሌላው ዋናው ቴምፖ፣ ኮፒው ሳይሆን ዋናው፣ ሥራው ላይ እስካለሁ ድረስ እነሱ ጋ እንዲቀመጥ። «ሁሉም ሠራተኛ እንዲህ ነው የገባው» አለችኝ ያነጋገረችኝ ልጅ። ስለ ውል ስጠይቃት ደግሞ «ሙከራሽን ስትጨርሺ ይሰጥሻል» አለች።

ወንድሜ «ዲግሪ ይዘሽ ስቶር?» ይላል። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ባንክ ጠብቂ ይላል። እማዬ ምንም አትልም፣ ከሁሉም እሱ ነው የሚከብደኝ። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ተብያለሁ። የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ። ልግባ? ቴምፖውንስ ልስጥ?

ቢን ካርድ

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። እሱን ማንም ያለሽ አይመስለኝም።

እኔ ግቢ ነው የምልሽ። ቴምፖውን ግን አትስጪ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ አትቀላቅያቸው።

የተማርነው አንድ ነው። እኔ ዓመት ከሦስት ወር ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ኮምቦልቻ ስቶር የገባሁት። ወንድምሽ ያለውን የኛም ቤት ብሎታል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እኔም አልቅሻለሁ፤ ቱታ ለብሼ፣ አቧራ በአቧራ ሆኜ፣ አራት ዓመት ምን ተማርኩ አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊዬ የመለዋወጫውን መደርደሪያ ቁጠሪ አለኝ። አንድ ዓይነት ኩሽኔታ ነበር። ቢን ካርዱ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ ማለት ነው፣ 112 ይላል። እኔ ስቆጥር 97። ደግሜ ቆጠርኩ፣ 97። 15 ኩሽኔታ የለም። እጄ ላይ የጠፋ መሰለኝና ላብ አጠመቀኝ። ኃላፊዬ ምንም አልተናገረኝም፤ ጥገና ክፍል ወሰደኝና የሌሊት ተረኛውን ጠየቀው። ሰውየው ከኪሱ የሲጋራ ፓኮ ላይ የተጻፈ ነገር አወጣ። «15 ፍሬ፣ ለ3ኛ ማሽን» ይላል። ሌሊት ማሽን ቆሞባቸው ወስደዋል፣ የወጪ ደረሰኝ የሚቆርጥላቸው ሰው አልነበረም፣ እሱም ጠዋት ሳያስረክብ ወጥቷል። በቃ ይኸው ነው። እህቴ፣ ኢንተርናል ኮንትሮል የሚባለውን ግቢ ሁለት ጊዜ ተምሬዋለሁ፣ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ከዓመት በኋላ ሌላ ቦታ ለአካውንታንት ስወዳደር «ስቶክና ሌጀር ባይገናኝ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ። ይሄን ነገርኳቸው። አሁን እዚያ ነው የምሠራው።

ስለዚህ ስቶር ገባሁ ብለሽ አትፈሪ። ገቢው በጂአርኤን (የዕቃ መቀበያ ሰነድ)፣ ወጪው በደረሰኝ፣ በየዕለቱ ካርዱ ላይ። መንግሥት ቤት ብትገቢ ደግሞ ገቢውን ሞዴል 19፣ ወጪውን ሞዴል 22 ይሉሻል፣ ሥራው ያው ነው። ማታ ማታ ፒችትሪሽን፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩን፣ አትርሺ። ብዙዎቻችን ግቢ ተምረነው ስድስት ወር ሳንነካው ስንቀር ይጠፋብናል።

ሌላው፣ 5,500 ያሉሽ ያልተጣራ ከሆነ እጅሽ የሚገባውን አስቢ። ከ2017 ሐምሌ ወዲህ ባለው የግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ 300 ብር። የቀረው 1,500 ላይ 20 በመቶ፣ እሱም 300 ብር። ጡረታ 7 በመቶ፣ 385 ብር። እጅሽ የሚደርሰው 4,515 ነው። ይሄን ሒሳብ በቃልሽ ያዢው፣ ለአካውንታንት ሥራ ኢንተርቪው ላይ ይጠይቁሻል፣ ስንቱ የኛ ልጅ አሮጌውን ሠንጠረዥ ጽፎ እንደወደቀ አይቻለሁ።

ቦርከና

ቴምፖ የሚለውን ሳነብ ነው የገባሁት። እባክሽ እህቴ አትስጪ።

እኔ ሰጥቻለሁ። የትኛው ድርጅት እንደሆነ አልናገርም። የኮንስትራክሽን ዕቃ ክፍል ነበርኩ፣ ስገባ ዋናውን ተቀብለውኝ ካዝና ውስጥ አስገቡት፣ የተቀበሉበት ወረቀት እንኳን አልሰጡኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሥራ ያገኘ ሰው ምን ይጠይቃል፣ ደስ ብሎት ይፈርማል። በዘጠነኛው ወር የተፈተንኩት ባንክ ደወለልኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ዋና ማስረጃ ይዘህ ቅረብ። አለቃዬ ጋ ሄድኩ። «መጀመሪያ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ጻፍ፣ ከዚያ ክሊራንስ ትጨርሳለህ፣ ከዚያ ይሰጥሃል።» ለመንኩት። ሽማግሌ ላክሁበት። የባንኩ ሦስት ቀን አለፈ። ቴምፖዬን ያገኘሁት ከአርባ ቀን በኋላ ነው፣ ጥጉ በስቴፕለር ተበሳስቶ።

ዋናው ዲግሪ እኮ ኮስት ሼሪንጉ ተከፍሎ እስኪያልቅ እጃችን አይገባም። ያለን ወረቀት እሱ ብቻ ነው። እሱን ለሰው ሰጥተሽ ሌላ ቦታ በምን ትወዳደሪያለሽ? ኮፒ ይውሰዱ፣ ዋናውን ይዩት፣ ይመልሱት። እምቢ ካሉ ሥራው ይቅር። እማዬ ተበድራ አስተምራኝ ምናምን ብለሽ እንዳትንበረከኪ፣ ለእማዬሽም የሚሻላት ወረቀቱ እጅሽ ላይ ሲሆን ነው።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ቢን ካርድ፣ ቦርከና፣ ሁለታችሁም አላህ ይስጥልኝ። ቦርከና ያንተን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። አርባ ቀን!

ግን እንዴት ብዬ ነው እምቢ የምለው? እኔ የምሰጋው «እሺ፣ ሌላ ሰው እንጠራለን» እንዳይሉኝ ነው። ከኋላዬ ሰማንያ ሰው አለ። ዋሱም ግራ ገብቶኛል። ሌላው አጎቴ አስተማሪ ነው፣ ልሁንልሽ ብሏል፣ ግን ሚስቱ ፈራች። ዕቃ ቢጠፋ ቤታችንን ይሸጡብናል አለች። እውነቷን ነው፣ ልወቅሳት አልቻልኩም።

የሰው ኃይል

ልጄ፣ እኔ በወዲያኛው ወንበር የምቀመጥ ሰው ነኝ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ስቀጥር 14 ዓመቴ ነው። የአንቺ ዕድሜ ሴት ልጅ አለችኝ፣ እንደ እሷ ቆጥሬ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ለምን ቴምፖ እንደሚይዙ እወቂ። ክፋት ብቻ አይደለም። አዲስ ምሩቅ ቀጥረን፣ ሁለት ወር አስተምረን፣ አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን ዘግቶ ባንክ ይገባል። የስቶር ቁልፍ በኪሱ ይዞ የጠፋብኝ ልጅ አለ፤ ቁልፉን በሦስተኛው ቀን በእህቱ ላከልኝ። ይሄ ያናድዳል። ቢሆንም የልጅን ማስረጃ መያዝ መፍትሔ አይደለም። አዋጅ 1156/2011 ውስጥ አሠሪ ዋና ማስረጃ ይያዝ የሚል አንድም ቦታ አታገኚም። እኛ ጋ ድሮ ይደረግ ነበር፣ እኔ ራሴ ነኝ ያስተውኩት።

ስለዚህ ሰኞ ስትሄጂ «እምቢ» ብለሽ አትጀምሪ። ዋናውንም ኮፒውንም ይዘሽ ሂጂ። ዋናውን አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና «ከዋናው ጋር አገናዝቡልኝና ኮፒው ላይ ማኅተም ምቱበት» በይ። ይህ በየቢሮው የሚሠራበት ስለሆነ አዲስ ነገር አልጠየቅሽም። ከዚያ ጨምሪበት፤ «ብለቅ በሕጉ መሠረት ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ ንብረት አስረክቤ ነው የምለቀው፣ ይህንንም በጽሑፍ እፈርማለሁ» በይ። የሚፈሩት መጥፋትሽን ነው። የሚፈሩትን ነገር በሌላ መንገድ ስትመልሺላቸው አብዛኛው ሰው ይለዝባል።

ሁለተኛ፣ «ውል ሙከራውን ስትጨርሺ» ያሉሽ ነገር ልክ አይደለም፣ እነሱንም ይጎዳቸዋል። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልሆነ በሕግ ፊት ሙከራ አይደለም። ሲጻፍም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ የሥራ ቀን ነው፣ ስለዚህ በሳምንት ስድስት ቀን ከሠራሽ አሥር ሳምንት መሆኑ ነው። ሙሉ ውል ባይሰጡሽ እንኳን የሥራ መደብሽን፣ ደመወዝሽን፣ የጀመርሽበትን ቀን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ በ15 ቀን ውስጥ ሊሰጡሽ ይገባል። ይህን ስትጠይቂ በቁጣ አይሁን፤ «የሙከራውን ደብዳቤ መቼ ልውሰድ?» ብቻ በይ፣ ያውቁታል። የምትለቂ ቀን ደግሞ የሥራ ልምድሽን ያለ ክፍያ ሊጽፉልሽ ግዴታቸው ነው። የመጀመሪያ ሥራ ላይ ከደመወዝሽ ይልቅ ያ ወረቀት ነው ዋጋ የሚያወጣልሽ፣ ልጄ። «0 ዓመት» ከሚለው ሰልፍ የሚያወጣሽ እሱ ነው።

ሦስተኛ ዋሱ። የአጎትሽ ሚስት ብልህ ናት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና ሲገባ ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም፣ ቁጥር 1922 ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ ላይ ይፈርማል፣ በኋላ ሌላ ሰው ቁጥሩን ይሞላዋል። አጎትሽ ቅጹ ላይ «እስከ ይህን ያህል ብር» የሚለው በአኃዝም በፊደልም ሳይጻፍ እንዳይፈርም። ኮፒውንም ይውሰድ። ከዚያ ቤታችን ይሸጣል የሚለው ፍርሃት ይቀላል፣ የሚገባበትን ያውቀዋል።

ሰባት ወር ስለ ተቀመጥሽበት አትፈሪ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሐምሌ ሲመረቅ ሠራተኛ ፍለጋ ቀበሌ ለቀበሌ የምንዞረው እኛ ነበርን። ከዚያ 2014 መጣ። ጦርነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ገባ፣ ፋብሪካ ተዘረፈ፣ በዚያው ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ወጣን፤ ልብስ ሰፍቶ ወደ አሜሪካ የሚልክ ሁሉ ገበያው ተዘጋበት። ከዚያ ወዲህ በር የሚያንኳኳው በዛ፣ በሩ ግን አልሰፋም። ይሄ የእናንተ ድክመት አይደለም። የእኔም ልጅ ቤት ነው ያለችው።

ጦሳ 16

ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ፣ እኔም ብዙ ነገር ያዝኩ።

የኔ ጥያቄ ለሰኞ ገበያዋ ልጅ ነው። ቫካንሲውን የት ነው ያየሽው? እኔ ኤሌክትሪካል ነኝ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ኮምቦልቻ ስንት ጊዜ ወርጃለሁ ዘበኞቹ በር ላይ «ቅጥር የለም» ብለው ይመልሱኛል። ባለፈው አንድ አገናኝ ነኝ የሚል ቢሮ 2,000 ብር አስከፍሎኝ ስልኩ ጠፋ። ታላቅ እህቴ ዓረብ አገር ሆና የላከችልኝ ብር ነበር። ለእሷ አልነገርኳትም።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ወይኔ ወንድሜ፣ አይዞህ። አብሽር።

ቫካንሲ አላየሁም። ጥቅምት ላይ ከጓደኛዬ ጋር ሆነን 12 ሲቪ አሳተምን፣ በፖስታ አሸግን፣ ኮምቦልቻ ወርደን በየበሩ ሰጠን። አብዛኛው ዘበኛ እንቢ አለን። አንድ ቦታ ግን የነበሩት ሽማግሌ ዘበኛ «ማስታወቂያ ባይኖርም ስጪኝ፣ አስገባልሻለሁ» አሉኝ። ውሃ ጠማኝ ብዬ ለምኛቸው ከጀሪካናቸው አጠጥተውኛል። የደወለልኝ ያ ነው። ከአራት ወር በኋላ!

የሰው ኃይል

ልክ ነው ልጄ፣ እንደዚያ ነው የሚገባው። እኔ ጋ በር ላይ የመጣ ፖስታ ካርቶን ውስጥ ይጠራቀማል። ሰው ድንገት ሲለቅ ማስታወቂያ አውጥቶ ሁለት ሳምንት ከመጠበቅ ካርቶኑን እንከፍታለን። የማዝነው ምን ላይ መሰላችሁ፣ ከአሥሩ ሦስቱን ስንደውል ስልኩ አይሠራም፣ ወይም ቁጥሩ ተቀይሯል። ሁለት ስልክ ጻፉ፣ አንዱ የቤተሰብ ይሁን። ፖስታው ጀርባ ላይ ትምህርታችሁንና የተመረቃችሁበትን ዓመት በትልቁ ጻፉ፣ ሳይከፈት የሚለየው በዚያ ነው። ሲቪው ደግሞ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። የተለማመድክበትን ቦታ፣ ምን እንደሠራህ፣ ስንት ሳምንት እንደቆየህ ጻፍ፤ «ታታሪና ታማኝ ነኝ» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል።

ጦሳ፣ አንተ ኤሌክትሪካል ከሆንክ በር ላይ «ቅጥር» አትበል። «የጥገና ክፍል ኃላፊውን ላናግር» በል። ሌሊት ፈረቃ ላይ ሰው የሚጎድለው እዚያ ነው። ስለ 2,000 ብሩ፣ አገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ እንዳይቀበል ነው ሕጉ የሚለው። ደረሰኝ ካለህ ይዘህ የከተማው ሥራና ክህሎት ቢሮ ሂድ። ባይመለስልህም ሌላ ልጅ ይተርፋል። ለእህትህም ንገራት ልጄ፣ አትቆጣህም።

ሐረጎ ቁልቁል

እኔ ስለ ትራንስፖርት ልናገር፣ ማንም አላነሳውም።

እየተመላለስኩ እሠራለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ቅርብ ትመስላለች። እኔ ሁለት ወር ሞክሬዋለሁ። በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነስተሽ መናኸሪያ ትደርሻለሽ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ትጠብቂያለሽ፣ ሐረጎ ላይ ጭጋግ ከሆነ ሹፌሩ መብራት አብርቶ እየዳበሰ ነው የሚወርደው፣ ጠመዝማዛው ላይ አንድ ከባድ መኪና ከቆመ ደግሞ በቃ፣ የጠዋት ፊርማ አመለጠሽ። ደሴ ጃኬት ለብሰሽ ተንቀጥቅጠሽ ትወጫለሽ፣ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ጃኬቱ ክንድሽ ላይ ነው። ከደመወዜ ግማሽ ያህሉ ለሚኒባስ ሄደ። 4,515 ብር ላይ ይሄን ቀንሺና እዪው። ለእማዬሽ ምን ትሰጫለሽ?

ኮምቦልቻ ለሦስት ሆናችሁ አንድ ክፍል ተከራዩ። ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች እንደዚያ ነው የሚኖሩት። ቅዳሜ ማታ ደሴ ትወጫለሽ፣ እሑድ ማታ ወጥ ይዘሽ ትወርጃለሽ። እኔና አንዲት ልጅ አንድ ክፍል አለን፣ ሦስተኛዋ አግብታ ሄዳለች። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ በርሜል አለን። አከራያችን እትዬ ትንሽ ይቆጣሉ፣ ግን ማታ አምሽተሽ ከመጣሽ በር ላይ ቆመው ይጠብቁሻል። ዘንድሮ ዐቢይ ጾሙና ረመዳኑ ተገጣጥሞ አብሮኝ ያለችው ልጅ ለማፍጠር እኔ ለመግደፍ አንድ ላይ ነው የምናበስለው። ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ።

ቦርከና

አንድ ነገር ልጨምር። የባንክ ፈተናውን አትተዪ። ስቶር ገብተሽም ተፈተኚ። አጎትሽና ወንድምሽ የሚሉትን ሙሉ ለሙሉ አልቃወምም፣ ግን ጠብቂ ሲሉ ቤት ተቀምጠሽ ከሆነ አልስማማም። እኔ ከዚያ ከወጣሁ በኋላ ስድስት ወር ቁጭ ብዬ ጠብቄያለሁ። ሰው ቤት ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠፋው እንግሊዝኛው አይደለም፣ ጠዋት የመነሳት ልምዱ ነው። ወላሂ ከባድ ነው።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ሰላም ሁላችሁም። ሰኞ ሄጄ ነበር፣ ሳልጽፍላችሁ መተኛት አልቻልኩም።

ዋናውን በፕላስቲክ ውስጥ እንደያዝኩ ገባሁ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ጋሼ እንዳሉኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና «ከዋናው ጋር አገናዝቡልኝ» አልኩ። ልጅቷ ዝም ብላ አየችኝ። «መመሪያው ዋናው ይቀመጥ ነው የሚለው» አለች። እኔም ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ፣ ንብረት አስረክቤ እንደምለቅ በጽሑፍ እፈርማለሁ አልኳት፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያልኩት። ያለኝ ወረቀት እሱ ብቻ እንደሆነም ነገርኳት። ተነስታ ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ ቆየሁ፣ 20 ደቂቃ። ተመልሳ መጣችና ኮፒውን ከዋናው ጋር አስተያይታ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚል ማኅተም መታችበት። ዋናውን መለሰችልኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ «የኔም እዚሁ ነው ያለው»። ምን እንደምላት አጣሁ።

የሙከራ ደብዳቤውን ዛሬ ሰጡኝ፣ አንድ ገጽ ነው፣ 60 የሥራ ቀን ይላል፣ ደመወዙም ተጽፏል። ዋሱ ላይ ግን ገና አልጨረስንም። ቅጹ ላይ የገንዘቡ ቦታ ባዶ ነው። አጎቴ «መጠኑ ይጻፍ» ሲል «እኛ እንሞላዋለን» አሉት፣ እሱም ብዕሩን አስቀመጠ። ሐሙስ ኑ ብለውናል። የአጎቴ ሚስትም አብራን ትመጣለች፣ ቅጹን ራሷ ካላነበበች አይፈረምም ብላለች።

ለጋሼ፣ አላህ ልጅዎትን በጥሩ ቦታ ያስቀምጥልዎ፣ እኔ ዱዓ አደርጋለሁ። ከፈለገች ሲቪዋን ይዛ ትምጣ፣ እነዚያን ሽማግሌ ዘበኛ አሳያታለሁ። ቢን ካርድ፣ ኩሽኔታ በቁጥር ነው አይደል የሚለየው? ጎኑ ላይ የተጻፈውን ልያዝ?

ዛሬ ከሰዓት ገበያ ነበርኩ። አንዲት ደንበኛ እንደ ልማዷ ጠየቀች። እማዬ በርበሬውን እየሰፈረች «ኮምቦልቻ ገብታለች፣ ንብረት ክፍል» አለቻት። ሚዛኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ሐረጎ ቁልቁል፣ ክፍሉ እስካሁን አለ? ፍራሽ የለኝም። እማዬ ሁለት ኪሎ በርበሬና አንድ ኪሎ ሽሮ ቋጥራለች።

ቢን ካርድ

አዎ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያዢ። በቁጥሩ እንጂ በመጠኑ አትለዪ፣ በዓይን አንድ የሚመስሉ አሉ። የመጀመሪያው ቀን ትንሽ ደብተር ይዘሽ ግቢ።

ሐረጎ ቁልቁል

አለ። ፍራሽ እኛ ጋ ትርፍ አለ፣ ልጅቷ ትታው ነው የሄደችው፣ ቅዳሜ አውጥተን ፀሐይ እናስመታዋለን። ብርድ ልብስ ግን ይዘሽ ነይ። ስትደርሺ ደውይ፣ መናኸሪያ ድረስ እመጣለሁ።